ዘጠኝ ጆንያ ጤፍ

«ገጣሚን ከሒሳብ ምን አገናኘው?» የሚል አንባቢ ቢኖር አልቀየመውም። በዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ቋንቋና ቴአትር ነው፤ ከዚያ ወዲህም ኑሮዬ ከቃልና ከመድረክ ጋር ነው። ይሁን እንጂ ሰው በልጅነቱ ያጎደለውን ሒሳብ ጎልማሳ ሆኖ ሳያወራርድ ዕረፍት የሚያጣበት ጊዜ አለ። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለ ውዝፍ ሒሳብ ነው።

ነገሩን የቀሰቀሰችው ሰባተኛ ክፍል የምትማረው ልጄ ናት። አንድ ምሽት መጽሐፏን ይዛ መጥታ «አባዬ፣ ይኸ የቃላት ፕሮብሌም አልገባ አለኝ» ስትለኝ፣ የተለመደውን የአባትነት ኩራት ለብሼ ተቀበልኳት። ጥያቄው ስለ ሁለት ቧንቧዎችና ስለ አንድ ገንዳ ነበር። አንደኛው ቧንቧ ብቻውን ገንዳውን በ6 ሰዓት ይሞላል፤ ሁለተኛው ብቻውን በ3 ሰዓት ይሞላል፤ ሁለቱ በአንድነት ቢከፈቱ በስንት ሰዓት ይሞሉታል? ልጄ 6ና 3ን ደምራ 9 ሰዓት ብላ ጽፋለች። «ረዳት ሲመጣ ሥራ ይፋጠናል እንጂ ይጓተታል እንዴ?» አልኳት። ጥቂት አሰበችና «እኛ ሰፈር እኮ ሁለት ቧንቧ አብሮ መጥቶ አያውቅም» አለችኝ። እውነቷን ነው። ያም ሆነ ይህ ሠራነው፤ በአንድ ሰዓት አንደኛው የገንዳውን ስድስተኛ፣ ሁለተኛው ሲሶውን ስለሚሞሉ ድምሩ ግማሽ ነው፤ መልሱም 2 ሰዓት ሆነ።

በድሉ ተበረታትቼ ከራሴ አንድ ጥያቄ ጨመርኩላት። 40 መምህራን ለስብሰባ ይሄዳሉ፤ አንድ ሚኒባስ ታክሲ 12 ሰው ይይዛል፤ ስንት ታክሲ ያስፈልጋቸዋል? ልጄ በፍጥነት አካፈለችና «3 ነጥብ 33» አለች። ነጥብ 33 ታክሲ ምን እንደሚመስል ልጠይቃት ስል፣ አራተኛ ክፍል የሆነው ታናሽ ወንድሟ ከጥግ ሆኖ «ሦስት ይበቃል፤ አራቱ በትርፍ ይጫናሉ» ብሎ ጮኸ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እኔም ሳቅኩ። በኋላ ግን ሁሉም ሲተኙ ብቻዬን ተቀምጬ ያቺን «ትርፍ» የምትባል ቃል ሳገላብጥ አመሸሁ።

እንዲህ ያለው ነገር በእኛ ልጆች ብቻ የሚደርስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ በተካሄደ አገር አቀፍ የትምህርት ምዘና ለ13 ዓመት ተማሪዎች የቀረበ አንድ ጥያቄ ነበር፤ አንድ የጦር ሠራዊት አውቶቡስ 36 ወታደሮችን ይይዛል፤ 1128 ወታደሮችን ወደ ማሠልጠኛ ቦታ ለማጓጓዝ ስንት አውቶቡስ ያስፈልጋል? ከመቶው 70 ያህሉ ማካፈሉን በትክክል ሠርተዋል። ከመቶው 29 ግን መልሱን «31፣ ተራፊ 12» ብለው ጻፉ። 18ቱ ደግሞ 31 ብለው ዐሥራ ሁለቱን ወታደሮች መንገድ ዳር ጥለዋቸው ሄዱ። 32 አውቶቡስ ያሉት ከመቶው 23 ብቻ ናቸው። ልጆቹ ማካፈል ያውቃሉ፤ ያላወቁት የሚካፈለው ነገር ሰው መሆኑን ነው። የእኔ ትንሽ ልጅ ቢያንስ አራቱን መምህራን አልጣላቸውም፤ አጠጋግቶ ጫናቸው። ከትራፊክ ደንብ ጋር ቢያጣላውም ሰዎቹ በዓይነ ሕሊናው ታይተውታል።

የቴአትር ሰው እንደመሆኔ የቃላት ፕሮብሌምን ሳነብ ከፊቴ የሚደቀነው አጭር ተውኔት ነው። ገጸ ባሕርያት አሉ፤ አንድ ገበሬ፣ አንድ ነጋዴ፣ ሁለት ሠራተኞች። ድርጊት አለ፤ ይሸጣሉ፣ ይገዛሉ፣ ይቆፍራሉ። ግጭትም አለ፤ አንድ የማይታወቅ ነገር መታወቅ አለበት። ሆኖም እነዚህ ገጸ ባሕርያት ፊት የላቸውም። ገበሬው 240 ኪሎ እህል ሲሸጥ ለምን እንደሚሸጥ፣ ዕዳ ይኑርበት አይኑርበት፣ ገዥው ይራቀቅበት አይራቀቅበት አይነገረንም። ከዚህም በላይ በጥያቄው ውስጥ የተጠቀሰ ቁጥር ሁሉ ሥራ አለው። ቼኾቭ በመጀመሪያው ገቢር ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጠመንጃ በኋላ መተኮስ አለበት የሚል ምክር ለጸሐፌ ተውኔቶች ትቶልናል፤ የሒሳብ መጽሐፍ ደራሲዎችን ያህል ይህን ምክር ያከበረለት የለም። በፕሮብሌም ውስጥ የማይተኮስ ቁጥር የለም፤ የሚጎድል ቁጥርም የለም። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ፣ እዚያ ውስጥ የሚዋሽ ቁጥር የለም። ይህ የመጨረሻው ነገር እኔን ዋጋ አስከፍሎኛል። የከፈለችው ግን ሌላ ሰው ናት።

ታሪኩ እንደሚከተለው ነው።

በ1986 ዓ.ም. በምሥራቅ ጎጃም በምትገኝ አንዲት የወረዳ ከተማ ሰባተኛ ክፍል እማር ነበር። በዚያን ዘመን ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ከአማርኛ በስተቀር ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነበር የሚሰጠው። በዚያው ዓመት የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋዎች እንዲሰጥ ቢደነግግም ለእኛ ክፍል አልደረሰልንም። ስድስተኛ ክፍል ሳለን የምናውቀው ደማሪና ቀናሽ፣ ገዥና ሻጭ ሁሉ በአንድ ክረምት ባዕድ ልብስ ለብሶ መጣ። ስለ ባቡር እንጠየቅ ነበር። ጎጃም ውስጥ ባቡር አልነበረም፤ ከመካከላችንም ባቡር ያየ አልነበረም። መምህራችን ደግ ሰው ነበር። ሰባ ያህል ተማሪ ፊቱ ተደርድሮ፣ ግማሾቻችን ጥያቄውን ማንበብ ሲያቅተን ሲያይ፣ እንድናልፍ ብሎ አንድ ዘዴ አስተማረን፤ «ኦልቱጌዘር» ካለ ደምር፤ «ሌፍት» ካለ ቀንስ፤ «ኢች» ካለ አባዛ ወይም አካፍል፤ ትልቁ ቁጥር ለትንሹ ያለ ትራፊ ከተካፈለ ደግሞ አካፍል።

ይህን ዘዴ እኔን ያህል የተካነው አልነበረም። ታሪኩን ሳላነብ ቁጥሮቹን ብቻ እለቅምና፣ ቃሏን ፈልጌ፣ መልሱን በአራት ማዕዘን ከብቤ ለመምህሩ አስረክብ ነበር። ሰኔ ላይ አንደኛ ወጣሁ። እናቴ ማንበብ አትችልም፤ ካርዱን ግን ከሥዕለ አድኅኖው አጠገብ ሰቀለችው።

አባታችን ከሞተ አራተኛ ዓመቱ ነበር። መሬታችንን በእኩል የሚያርስልን ሰው ነበረ፤ ከድርሻችን የተረፈውን ጤፍ እናቴ እስከ ነሐሴ አቆየችው። መኸር በገባ ሰሞን ጤፍ ይረክሳል፤ ክረምት ሲገባ ይወደዳል፤ ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት አልገባችም። የእህሉ ዋጋ ደግሞ ገና ከጎታው ሳይወጣ ተመድቦ አልቋል። 480 ብር ለማዳበሪያ ዕዳ፤ 200 ብር እስከ መስከረም ማለቂያ ለቤት፤ የቀረው 145 ብር ለእኅቴ። እኅቴ በዚያው ዓመት የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪን አልፋ ነበር። በከተማችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስላልነበረ ዘጠነኛ ክፍልን ለመማር ሌላ ከተማ ቤት ተከራይታ፣ ስንቅ ተቋጥሮላት መሄድ ነበረባት። ከሌሎች ሁለት ልጃገረዶች ጋር አንዲት ክፍል ሊጋሩ ተነጋግረው ነበር።

ጤፉን ከመጫናችን በፊት እናቴ በራሷ ቁና ሰፈረችው። ዐሥር ቁና በሞላ ቁጥር አንድ ባቄላ ትለያለች። ባቄላዎቹን በመቀነቷ ጫፍ ቋጠረቻቸው። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ «እማዬ፣ ነጋዴው ሚዛን አለው እኮ፤ ምን ያደክምሻል?» ማለቴን አስታውሳለሁ።

ገበያው በጭቃ ቦክቷል። ነጋዴው ከዋርካው ሥር ባለ ቆርቆሮ ደጃፍ ላይ የሚንጠለጠል ሚዛን አቁሟል። አንድ ጎልማሳ ተሸካሚ ጆንያውን ከመንጠቆው ያንጠለጥላል፤ ነጋዴው ያነባል፤ እኔ በእርሳስ እጽፋለሁ። 52፣ 49፣ 51፣ 50፣ 53፣ 48፣ 51፣ 50፣ 52። ዘጠኝ ጆንያ። ደመርኩ፤ 456 ኪሎ። ነጋዴው «ለእያንዳንዱ ጆንያ አንድ ኪሎ ይቀነሳል» አለ፤ ይህ አግባብ ስለሆነ ቀነስኩ፤ 447 ኪሎ። ዋጋው በኩንታል 165 ብር ነው። አባዛሁ፤ 737 ብር ከ55 ሳንቲም። ነጋዴው 737 ብር ቆጥሮ ሲያበቃ «55 ሳንቲም ይቀራል!» ብዬ ተቃወምኩ። በዙሪያችን የቆሙት ሰዎች ሳቁ፤ አደነቁኝም። «ተማሪ ማለት እንዲህ ነው! ማን ያታልለዋል?» አለ አንዱ። ነጋዴው ኪሱን በርብሮ ሳንቲሞቹን ቆጥሮ ሰጠኝ፤ በላዩም ከረሜላ መረቀልኝ።

እናቴ ብሩን አልተቀበለችም። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ልጄ፣ አምስት ኩንታል አይሞላም እንዴ?» አለችኝ።

«አይሞላም እማዬ» አልኳት፤ ሁሉም ሰው እንዲሰማ። «ሚዛን አይዋሽም። 447 ኪሎ ነው። ሠርቼዋለሁ።»

እሷም ሠርታው ነበር። ከዚህ በፊት አንድ ቁና ጤፍ በባለሱቅ ሚዛን አስመዝና 5 ኪሎ መሆኑን ታውቃለች። መቀነቷ ውስጥ ዐሥር ባቄላ አለ፤ መቶ ቁና ማለት ነው፤ 500 ኪሎ ማለት ነው። ይህን ሁሉ በልቧ ይዛ፣ አንደኛ የወጣው ልጇ በሰው ፊት እርሳስ ይዞ «ልክ ነው» ስላለ ብቻ ዝም አለች። ነጋዴውን ብቻውን ብታገኘው ኖሮ እንደማትተወው አውቃለሁ፤ ከአንድም ሰው ጋር በስፍር ተከራክራ ተሸንፋ አታውቅም። ያን ቀን የረታት የእኔ እርሳስ ነው።

ማታ ባቄላዎቹን ፈትታ ከምድጃው አጠገብ ስታስቀምጥ አየሁ። ማንም ሳያየኝ በደብተሬ የመጨረሻ ገጽ ላይ አሰላሁት። ከ500 ላይ 447 ሲነሣ 53 ኪሎ። በገንዘብ 87 ብር ከ45 ሳንቲም። ለ55 ሳንቲም ተሟግቼ 87 ብር አስረክቤአለሁ። ገጹን ቀድጄ እሳት ውስጥ ጨመርኩት።

ዕዳው የሚነካ አልነበረም፤ የቤቱም እንደዚያው። ለእኅቴ የቀረላት 57 ብር ከ55 ሳንቲም ብቻ ሆነ። መስከረም ላይ ሁለቱ ልጃገረዶች ሌላ ሦስተኛ ፈልገው ሄዱ። «ለከርሞ» ተባለ። ለከርሞ ደግሞ ባል መጣላት። በመዝገብ ስም ጥሪ ጊዜ ከክፍል የሌለ ተማሪ «ቀሪ» ይባላል፤ በማካፈልም ከተካፋዩ የተረፈው «ቀሪ» ይባላል። ቋንቋችን እነዚህን ሁለቱን በአንድ ቃል ለምን እንደጠራቸው የገባኝ ያን ጊዜ ነው። «ትርፍም» እንዲሁ ነው። ከመጠን ያለፈው ትርፍ ነው፤ ነጋዴ የሚያገኘውም ትርፍ ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ራሴን የምጠይቀው ስሕተቴ የቱ ላይ እንደነበር ነው። ድምሩ ትክክል ነበር። ቅነሳው ትክክል ነበር። ብዜቱም ትክክል ነበር። መምህሬ ቢያርመው ሙሉ ነጥብ ይሰጠኝ ነበር። የሀንጋሪ ተወላጅ የነበረው የሒሳብ ሊቅ ጆርጅ ፖልያ እ.ኤ.አ. በ1945 ባሳተመው ስለ ችግር አፈታት በጻፈው መጽሐፉ አራት ደረጃዎችን ይዘረዝራል፤ ችግሩን መረዳት፣ ዕቅድ ማውጣት፣ ዕቅዱን መፈጸም፣ ከዚያም ወደ ኋላ ተመልሶ መመርመር። የመጀመሪያዋንና የመጨረሻዋን ደረጃ የያዘችው እናቴ ነበረች። እኔ የያዝኩት ሦስተኛዋን ብቻ ነው፤ ዛሬ በኪስ ስልክ ያለው ማስያ የሚሠራትን። ሁለታችን አንድ ላይ ሆነን አንድ ሙሉ የሒሳብ ሰው ይወጣን ነበር። የለያየን የእኔ ዕውቀት «ትምህርት» ሲባል የእሷ «ልማድ» መባሉ ነው።

አንባቢ ይህን ስል የቁናን ዘመን እንመልስ የምል እንዳይመስለው። ቁና ከአገር አገር ይለያያል፤ በአንድ ገበያም ቢሆን ክምሩና ልኩ አንድ አይደለም። ኪሎ ለሁሉም አንድ ነው፤ ስለዚህም ይሻላል። ግን ኪሎው በነጋዴው እጅ፣ ቁናው በእናቴ እጅ ነበር። አንዱ ሌላውን የሚመሰክርበት ወይም የሚያጋልጥበት ዕድል ሲኖር፣ ያን ዕድል የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ስለ ትራፊ ካነሣሁ አይቀር አንድ ነገር ላክል። በከተማችን ባሕረ ሐሳብ የሚያውቁ አንድ መሪጌታ ነበሩ። የጾምና የበዓል ቀን ሲጠየቁ ጣታቸውን እያጠፉ አስልተው ይናገራሉ። በልጅነቴ ጥንቆላ ይመስለኝ ነበር፤ አድጌ ስማረው ግን ከአንደኛው ጫፍ እስከ ሌላው ሒሳብ ሆኖ አገኘሁት። 2016 ዓ.ም.ን እንውሰድ። 5500 ሲጨመርበት 7516 ይሆናል። ይህን ለ19 ስናካፍል 395 ደርሶ 11 ይተርፋል። ከ11 አንድ ይነሣና 10 ወንበር ይባላል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ፣ 110 ለ30 ሲገደፍ የሚተርፈው 20 አበቅቴ ነው። እንደገና ወንበሩ በ19 ተባዝቶ፣ 190 ለ30 ሲገደፍ የሚተርፈው 10 መጥቅዕ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 መሆናቸው የሥራው ማረጋገጫ ነው። ልብ በሉ፤ እኛ በክፍል ውስጥ ድርሻውን ይዘን ትራፊውን እንጥላለን፤ መሪጌታው ግን ያን ትልቁን 395 ጥለው ትንሿን 11 ይይዛሉ። የጾሙን መግቢያ የምትወስነው የተረፈችው ናት። ከእኚህ ሰው ደጃፍ እስከ ትምህርት ቤታችን የሁለት መቶ እርምጃ ያህል መንገድ ነበር። በሰባተኛ ክፍል ስለ ማካፈልና ስለ ትራፊ ስንማር አንድ ቀን እንኳ ማንም ጠርቷቸው አያውቅም።

እ.ኤ.አ. በ1985 የታተመ አንድ ጥናት በዚህ ረገድ ብዙ ነገር ያስረዳኛል። ሦስት ተመራማሪዎች በብራዚል ሬሲፌ ከተማ ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 15 የሆኑ አምስት ልጆችን በሚነግዱበት ቦታ እንደ ደንበኛ ሆነው ይጠይቋቸዋል። አንዲት ኮኮናት 35 ክሩዜሮ ከሆነች ዐሥር ስንት ነው? የ12 ዓመቱ ልጅ ሦስቱ 105 መሆኑን ከልምዱ ያውቃል፤ በዚያ ላይ ሦስት፣ እንደገና ሦስት፣ በመጨረሻም አንድ እየጨመረ 350 ይደርሳል። በ10 ለማባዛት ዜሮ መጨመር ይበቃል የሚለው የትምህርት ቤት ሕግ ትዝ አላለውም፤ መልሱ ግን አልተሳሳተም። በገበያ ከተጠየቁት ውስጥ ልጆቹ ከመቶ 98ቱን አገኙ። እነዚያው ልጆች እነዚያኑ ስሌቶች ያለ ገበያው፣ በወረቀትና በእርሳስ፣ ቁጥር ብቻ ሆነው ሲቀርቡላቸው ከመቶ ያገኙት 37 ያህሉን ብቻ ነው። ይህን ሳነብ ራሴን በተቃራኒው አየሁት፤ እኔ በወረቀት መቶ፣ በገበያ ዜሮ የሆንኩ ልጅ ነበርኩ።

መፍትሔው ግን ብዙዎች እንደሚያስቡት ቀላል አይደለም። ባቡሩን አውጥቶ አህያ ማስገባት፣ ፖም በብርቱካን መተካት ጥያቄውን ሀገራዊ የሚያደርገው የሚመስላቸው አሉ። ይህ በውጭ አገር ተውኔት ላይ የገጸ ባሕርያቱን ስም «አቶ» ብሎ ጠርቶ ተረጎምኩ እንደማለት ነው፤ በሙያችን የዚህ ዓይነቱን ኃጢአት ብዙ አይተናል፤ እኔም በወጣትነቴ ሠርቼዋለሁ። ልብሱ ሳይሆን ግጭቱ ነው የእኛ መሆን ያለበት።

በልጄ ትምህርት ቤት አንድ የሒሳብ መምህር ይህን ሲሞክር ለማየት ዕድል አግኝቻለሁ። ወላጆች በተጋበዙበት ቀን ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ነበር። ሰሌዳው ላይ የጻፈው ይህን ብቻ ነው፤ «ሃያ ሰዎች በወር አንድ አንድ ሺህ ብር ዕቁብ ይጥላሉ። ይህ ዕቁብ ለሁሉም እኩል ነው ወይ?» ልጆቹ ወዲያው 20,000 ብር እያንዳንዱ ይደርሰዋል፣ ስለዚህ እኩል ነው አሉ። መምህሩ ዝም አለ። ከዚያ አንዲት ልጅ ተነሥታ «መጀመሪያ የደረሰው ወዲያው ዕቃ ይገዛል፤ መጨረሻ የሚደርሰው ግን ዕቃው ተወድዶ ይጠብቀዋል» አለች። «በስንት ይወደዳል?» አለ መምህሩ። ልጆቹ ራሳቸው ተስማምተው በወር 300 ብር አሉ። ዛሬ 20,000 ብር የሆነ ዕቃ ከዐሥራ ዘጠኝ ወር በኋላ 25,700 ብር ሆነ። የመጨረሻው ባለ ዕጣ 5,700 ብር ጎደለው። አንዱ ልጅ ተቆጥቶ «ታዲያ ሰው ለምን ይገባል?» አለ። «እናቴ የምትገባው ብሩ ቤት ከተቀመጠ ስለሚበላ ነው» አለች ሌላዋ። ሌላ ልጅ ደግሞ በእነሱ ሰፈር ሰው ሲታመም ዕጣ የወጣለት ሰው ተራውን እንደሚለቅለት ተናገረ፤ ይህን በቁጥር እንዴት እንደሚጻፍም ጠየቀ። መምህሩ የሚጽፈው አጥቶ ጠመኔውን እንደያዘ ደወል ተደወለ።

አርባ ደቂቃ ሙሉ የተሠራው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። መጽሐፉ ግን በዚያው ክፍለ ጊዜ ዐሥራ አምስት ይጠብቃል፤ ፈተናውም እንደዚያው። ስለዚህ መምህራንን «ለምን ሁልጊዜ እንዲህ አታስተምሩም?» ብሎ መውቀስ ግፍ ነው። የእኔም መምህር ያን የቃል መልቀሚያ ዘዴ ያስተማረን ስንፍና ይዞት አልነበረም፤ ፈተናውን እንድንሻገር አዝኖልን ነው። ሒሳብ ሁሉ ገበያ ይሁን ማለትም አይገባም። ቁጥር ከእህልና ከብር ተላቅቆ ለብቻው የሚያምርበት ቦታ አለው፤ ይህን ገጣሚ ካልመሰከረ ማን ይመሰክራል? ብቻ በሰባተኛና በስምንተኛ ክፍል፣ ልጅ ከእናቱ ጋር ገበያ በሚወርድበት ዕድሜ፣ «ይህን ቁጥር ማን ሰጠህ?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው ቢኖር እላለሁ። በመጽሐፉ ከሚሰጡት ዐሥራ አምስት ጥያቄዎች አንዷ ብቻ ቁጥሯ ጎደሎ፣ ወይም ቁጥሯ ውሸታም ብትሆን እላለሁ።

እናቴ ካረፈች ዓመታት አልፈዋል። ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አላነሣችብኝም። እኔም ለእኅቴ ሳልነግራት ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖርኩ። እኅቴ ከተዳረች በኋላ በማታ ትምህርት እስከ ዐሥረኛ ክፍል ተምራለች፤ ዛሬ የእህል መደብር አላት። ባለፈው ፋሲካ ልጠይቃት ወርጄ፣ ቡናው እየተፈላ፣ ልጆቼ በአጠገባችን እየተጫወቱ፣ ሁሉንም ነገርኳት፤ ሚዛኑን፣ ባቄላዎቹን፣ የቀደድኩትን ገጽ።

ረከቦቱን እያየች ዝም ብላ አዳመጠችኝ። ሳበቃ «ስንት ጆንያ ነበር?» አለችኝ።

«ዘጠኝ ነበር፣ እታለም።»

«ሃምሳ ሦስት ለዘጠኝ» አለች፤ ከአፏ ሳይወጣ መልሱ ደርሷል። «በየጆንያው ከስድስት ኪሎ ትንሽ ፈሪ ነው። ሚዛኑ የተበላሸ ቢሆን አንዱን አብዝቶ አንዱን ያሳንስ ነበር። ተሸካሚው ከሥር በጉልበቱ ደግፎት ነው። አሁንም ይሠሩታል። እኔ ሲመዘን ቁጥሩን አላይም፤ ከጆንያው ሥር ነው የማየው።»

ልጄ ጨዋታዋን ትታ ቀና አለች። «እንዴት ነው የሚያዩት፣ አክስቴ?» ብላ ተጠጋቻት። እኅቴ የቡና ቁርስ የተዘጋጀበትን ሰፌድ አንሥታ፣ በአንድ እጇ አንጠልጥላ፣ ጉልበቷን ከሥሩ እያስጠጋችና እያራቀች አሳየቻት። ልጄ ሁለት ጊዜ ደገመችው።

ከዚያ እኅቴ ሁለተኛውን ቡና እየቀዳች፣ ወደ እኔ ሳታይ፣ «ከረሜላውንስ ብቻህን ነበር የበላኸው?» አለችኝ።

ብቻዬን ነበር።